ከእንፋሎቱ ባቡር ኋላ ያ ዲዜል ምን ይሠራል?

ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር ግዙፍ የእንፋሎት ባቡር ጭሱን እየተፋ ይመጣል። ሐዲዱ ዳር ሕዝብ ተኮልኩሎ ስልኩን ደግኗል። ፊሽካው ሲጮህ ሕፃናት ጆሯቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ባቡሩ ሲያልፍ፣ ከጥቁሩ ሎኮሞቲቭ ጀርባ ሌላ ይታያል። ቢጫ ነው፣ ሳጥን ይመስላል፣ በናፍጣ የሚሠራ ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይነሳል። «ፌክ ነው! የሚጎትተው ዲዜሉ ነው፣ ጭሱ ለታይታ ነው» የሚል አለ። «አርጅቶ አቅም ስላነሰው ነው» የሚልም አለ። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ ይሞቃል። ጣቢያ ተሠርቶላት ባቡር የናፈቃት ከተማ ናትና።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው የእንፋሎቱ ነው። አቅምም አላነሰውም። የጎደለው በዙሪያው የነበረው ነገር ነው፤ የውሃ ጋኑ፣ ማዞሪያው፣ ጋራዡ፣ ባለሙያው። ዲዜሉ የዚያን ሁሉ ምትክ ሆኖ ነው የሚከተለው። ረጅሙን መልስ ለሚፈልግ እንቀጥል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሎኮሞቲቭና ባቡር አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ባቡር የምንለው ሙሉውን ሰልፍ ነው። ሎኮሞቲቭ የሚጎትተው ክፍል ብቻ ነው። ሰውና ዕቃ የሚጫንባቸው ፉርጎዎች ናቸው።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የብረት ጎማ የተገጠመለት ትልቅ ቦይለር ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ጫፍ እሳት ይነድዳል። ትኩሱ ጋዝ ውሃው መሀል በተዘረጉ ብዙ ቱቦዎች ውስጥ ያልፍና ውሃውን ያፈላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ፣ ቦታ ካገኘ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ቦይለሩ ግን ዝግ ነው። እንፋሎቱ መስፋት ሲያቅተው ታምቆ ግፊት ይሆናል። ነጂው ቫልቩን ሲከፍት ግፊቱ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉ ጎማውን ያንቀሳቅሳል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። ያ የምንወደው «ቹፍ፣ ቹፍ» የሚል ድምፅ እሱ ነው። ልብ በሉ፣ አንዴ የወጣ እንፋሎት አይመለስም። ውሃው በየደቂቃው እየተጣለ ነው።

የናፍጣው አሠራር ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ትልልቅ ዲዜል ሎኮሞቲቮች ላይ የናፍጣ ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አያዞርም። ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከታች ጎማው ዘንድ ያሉ ኤሌክትሪክ ሞተሮች ጎማውን ያዞራሉ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ትፈለጋለች።

እግረ መንገዴን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ደሴ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ 92 አካባቢ። ታዲያ ደጋ ላይ እንፋሎቱ ይዳከማል ወይ? አይዳከምም። ቦይለሩ ዝግ ስለሆነ የውጭው አየር መሳሳት ፍላቱን አይነካውም። አየር ሲያጥረው የሚያቃስተው ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው።

እነዚህ ባቡሮች የት ነው የሚሄዱት?

የእንፋሎት ዘመን በአብዛኛው ዓለም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አበቃ። የጂቡቲ–አዲስ አበባ መስመርም በ1950ዎቹ ወደ ናፍጣ ዞሯል። ምክንያቱ የዋጋ ጉዳይ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ካቃጠለው ነዳጅ ወደ ጉልበት የሚለውጠው ከ100 እጅ ከ10 እጅ በታች ነው። ዲዜል 30 እጅና ከዚያ በላይ ይለውጣል። ዲዜል ቁልፍ ተጫን፣ ሂድ ነው። እንፋሎቱን ግን ከመነሳቱ ከብዙ ሰዓት በፊት ቀስ እያሉ ማሞቅ ያስፈልጋል። ቸኩለው ካሞቁት ብረቱ እኩል ሳይሰፋ ቀርቶ ይሰነጠቃል።

ዛሬ የቀሩት ለሽርሽር የሚወጡ ናቸው። ሰው ትኬት ቆርጦ ለትዝታ፣ ለፎቶ፣ ልጆቹን ለማሳየት ይሳፈራል። የብሪታንያው ፍላይንግ ስኮትስማን በ1923 ተሠርቶ፣ ከ2006 እስከ 2016 ለአሥር ዓመት ተጠግኖ ዛሬም ይሄዳል። ትልቁ ግን የአሜሪካው ቢግ ቦይ ቁጥር 4014 ነው። ከ1941 እስከ 1944 ባለው ጊዜ 25 እንዲህ ያሉ ሎኮሞቲቮች ተሠርተው ነበር። 8 ተርፈዋል። የሚንቀሳቀሰው ይህ አንዱ ብቻ ነው። ከውሃና ነዳጅ ፉርጎው ጋር 40 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ ነው። ከ1961 በኋላ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ቆይቶ በ2019 እንደገና ሐዲድ ላይ ወጣ። በስልካችን የሚዞረው ብዙው ቪዲዮ የእሱ ነው።

ታዲያ ይህ ግዙፍ ነገር ብቻውን መጎተት ያቅተዋል?

አያቅተውም። ቢግ ቦይ የተሠራው 3,600 ቶን የሚመዝን የጭነት ባቡር በተራራ ላይ ብቻውን እንዲያወጣ ነው። ለሽርሽር የሚጎትታቸው ጥቂት የመንገደኛ ፉርጎዎች ለእሱ ቀላል ናቸው። እንዲያውም በ2023 ነብራስካ ውስጥ አንድ ዘመናዊ የጭነት ባቡር ዳገት ላይ ቆሞ ቀርቶ፣ ገፍቶ ያወጣው ይኸው ሽማግሌ ነው። ዲዜሎቹ ናቸው ያን ቀን የታገዙት።

«ፌክ ነው» ለሚለው ይህ የሚበቃ ይመስለኛል። የዲዜሉን ሥራ ለመረዳት ግን ጉዞውን ከመነሻው እስከ መመለሻው መከተል ይሻላል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ትልቁ ችግር እሳቱ አይደለም፣ ውሃው ነው። ቢግ ቦይ ከኋላው በሚጎትተው ፉርጎ 90,000 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ይህም ሩቅ አያደርሰውም። ስለዚህ ተጨማሪ የውሃ ፉርጎ ይቀጠልለታል።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። በየመንገዱ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የውሃ ጋን ነበር። ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ቆሞ ይሞላና ይሄዳል። እንፋሎቱ ሲቀር ጋኖቹ ፈረሱ። የከሰል ማከማቻውም አብሮ ጠፋ። ዛሬ በየከተማው እየቆሙ ከእሳት አደጋ መከላከያ የውሃ ቧንቧ ይሞላሉ፣ አለዚያ ቦቴ ይጠራል። ቦቴው ዘግይቶ ቢመጣ ወይም ቧንቧው ጫና ባይኖረው ምን ይሆናል? ውሃ ያነሰው ቦይለር እንዲሁ አይቆምም፣ ይፈነዳል። ከእሳቱ በላይ ያለው የብረት ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት። ውሃው ከጎደለ ጣሪያው ግሎ ይለሰልስና በግፊቱ ወደ ውስጥ ይረገጣል። በ1995 አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ጌቲስበርግ አካባቢ አንድ የሽርሽር ሎኮሞቲቭ ላይ ይህ ደርሶ ሦስት ሠራተኞች ክፉኛ ተቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ የወጣው ደንብ ቦይለሩ 1,472 ቀን ከሠራ ወይም 15 ዓመት ከሞላው ተፈታትቶ እንዲመረመር ያስገድዳል።

እዚህ ላይ ዲዜሉ ምን ያደርጋል? ሸክም ይጋራል። ሲያስፈልግ ትንሽ ከገፋ የእንፋሎቱ ፍጆታ ይቀንሳል፣ እስከሚቀጥለው ውሃ ድረስም በሰላም ይደረሳል።

ቁልቁለት ላይ ለምን ይፈለጋል?

ብዙ ሰው ዲዜሉ ለዳገት ብቻ ይመስለዋል። ትልቁ ውለታው ግን ቁልቁለት ላይ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ የወረደ ያውቀዋል። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ትወርዳለህ። ልምድ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ያን መንገድ በእግር ፍሬን አይወርደውም። ከላይ ጀምሮ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዘዋል። ፍሬኑን እየነካ ይለቀዋል እንጂ አይረግጠውም። ሁልጊዜ ከረገጠው ሸራው ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ መጨረሻው «ፍሬን በጠሰ» ነው።

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በመደበኛው አሠራር ያለው ያ የእግር ፍሬን ዓይነት ብቻ ነው። በአየር የሚሠራ ፍሬን የብረት ማሰሪያውን ጎማው ላይ ይጫነዋል። ግጭቱ ይይዘዋል፣ ሙቀቱም እዚያው ጎማው ላይ ይቀራል።

እዚህ ላይ ተራ ተመልካች የማያየው አንድ ነገር አለ። የብዙ እንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጎማ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። መሀሉ አንድ ነው፣ ዙሪያው ደግሞ ሌላ ወፍራም የብረት ቀለበት። ቀለበቱ የሚገጠመው በእሳት ግሎ ከሰፋ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና መሀሉን ጨምድዶ ይይዛል። የሚይዘው በዋናነት ያ መኮማተር ነው። አሁን ረጅም ቁልቁለት ላይ በፍሬን ስታግለው ምን ይሆናል? ቀለበቱ እንደገና ይሰፋል። ከሰፋ ይላላል። ከላላ በመሀሉ ላይ ይሽከረከራል፣ ሲብስም ይወጣል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ይህ እንዲሆን የሚፈልግ የለም።

ዲዜሉ ግን ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር አለችው። ቁልቁለት ላይ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ሥራቸውን ይገለብጣሉ። ጎማውን ማዞር ትተው በጎማው ይዞራሉ፣ ጄኔሬተር ይሆናሉ። ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጉልበት ይበላል፤ ጉልበቱ ከባቡሩ ፍጥነት ስለሚወሰድ ባቡሩ ይያዛል። የመነጨው ኤሌክትሪክ ጣሪያው አካባቢ ባሉ ትልልቅ ማሞቂያዎች ላይ ሙቀት ሆኖ ወደ አየር ይበተናል። የሚፋጭ ብረት የለም፣ የሚግል ጎማም የለም። አንድ ዲዜል ከኋላ ሆኖ እንዲህ ከያዘ የሽማግሌው ጎማ ሳይነካ ይወርዳል።

ዳገቱስ?

የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከቆመበት ሲነሳ ይንሸራተታል። ሐዲዱ እርጥብ ከሆነ፣ ቅጠል ካለበት ወይም ዳገት ከሆነ ይብሳል። ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፣ ባቡሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ነጂው በእጁ ቫልቩን እየከፈተ እየዘጋ፣ አሸዋ እየረጨ ይታገላል። የዘመኑ ዲዜል ግን መንሸራተቱን በኮምፒዩተር ራሱ ያርመዋል።

ይህ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መጋቢት 1944 በደቡብ ጣሊያን ባልቫኖ አካባቢ በሁለት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የሚጎተት ባቡር ዋሻ ውስጥ ዳገት ላይ ቆሞ ቀረ። ከሰሉ ጥራት አልነበረውም፣ ሐዲዱም እርጥብ ነበር። ጭሱ ዋሻውን ሞላው። ከ500 በላይ ሰዎች በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞቱ። አብዛኞቹ እንደተኙ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ መቅረት የእንፋሎት ሰዎች ከሚፈሩት ነገር ዋናው የሆነው በከንቱ አይደለም። ከኋላ ተነስ ሲባል የሚነሳ ሞተር ካለ ነገሩ ሌላ ነው።

ሕግስ ያስገድዳል?

በቀጥታ «ዲዜል ቀጥሉ» የሚል ሕግ አይደለም። በተዘዋዋሪ ግን እዚያው ያደርሳል።

በ2008 ካሊፎርኒያ ቻትስወርዝ ላይ የመንገደኛ ባቡርና የጭነት ባቡር ፊት ለፊት ተጋጭተው 25 ሰዎች ሞቱ። የመንገደኛው ነጂ በስልኩ መልእክት ሲጽፍ ቀይ መብራት አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ። በዋና ዋና መስመሮች ላይ ነጂው ቢዘናጋ ባቡሩን ራሱ የሚያቆም ሲስተም እንዲገጠም አዘዘ። ስሙ ፖዘቲቭ ትሬን ኮንትሮል ነው። በ2020 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ሲስተሙ የባቡሩን ቦታ በሳተላይትና በሬዲዮ ይከታተላል። ነጂው በፍጥነት ከበዛ ወይም ቀይ ሊያልፍ ከሆነ ፍሬን ይይዝበታል።

ይህን ኮምፒዩተር የእንፋሎት ጋቢና ውስጥ መግጠም ከባድ ነው። ሙቀት አለ፣ አመድ አለ፣ መንቀጥቀጥ አለ፣ አስተማማኝ ኤሌክትሪክም የለም። ዲዜሉ ግን ሁሉም ተገጥሞለት ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዳንዴ ኮምፒዩተሩ ዲዜሉ ላይ ይሆንና ስክሪኑ ወደ ፊት ጋቢና ይዘረጋል። አንዳንዴም ዲዜሉ ራሱ ከፊት ይሆናል። በገንዘብና በትዕግሥት እንፋሎቱ ላይ መግጠምም ይቻላል። በብሪታንያ በ2008 ሥራው ያለቀው አዲሱ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቶርናዶ የአውሮፓው ዓይነት ተገጥሞለታል።

ሌሎቹ ትንንሽ ምክንያቶች ምንድን ናቸው?

አንዱ መብራት ነው። የዛሬ ፉርጎ ኤርኮንዲሽነር፣ መብራት፣ ማብሰያ አለው። የድሮው ሎኮሞቲቭ ለማሞቂያ እንፋሎት እንጂ ይህን ሁሉ የሚሸከም ኤሌክትሪክ አይሰጥም።

ሌላው መመለስ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ፊትና ጀርባ አለው። ለማዞር ድሮ በየዋናው ጣቢያ ክብ ማዞሪያ መድረክ ነበር። ያም ብዙ ቦታ ፈርሷል። ዲዜል ከጭራ ካለ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ምንም ሳያዞሩ እሱ ጎትቶ ይመልሳቸዋል።

ብልሽትም አለ። የ80 ዓመት ዕቃ ነው፣ መለዋወጫው ሱቅ የለም፣ እያንዳንዱ ነገር በእጅ ይቀረጻል። ዋና መስመር ላይ ቢቆም ከኋላው ያለው የጭነት ባቡር ሁሉ ይቆማል። የመስመሩ ባለቤት ዲዜል ከሌለ አትገቡም ቢል አይፈረድበትም።

እሳቱን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አልፈልግም። ከሰል የሚያቃጥል ሎኮሞቲቭ ፍም ይረጫል። በ2018 ኮሎራዶ ውስጥ ከዱራንጎ ወደ ሲልቨርተን የሚሄደው የቱሪስት ባቡር መስመር አጠገብ እሳት ተነስቶ ከ20,000 ሄክታር በላይ ደን በላ። የአሜሪካ መንግሥት እሳቱን ያስነሳው የሎኮሞቲቩ ፍም ነው ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ በ2022 በ20 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ያ ባቡር ድርጅት ከዚያ ወዲህ ዲዜሎች ገዛ፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹንም ከከሰል ወደ ዘይት ለወጠ። ቢግ ቦይም ሲጠገን ወደ ዘይት ተለውጧል። በደረቅ ወራት አንዳንድ መስመሮች እንፋሎቱን ከነጭራሹ አቁመው በዲዜል ብቻ ይሄዳሉ።

ዲዜሉን ማን ነው የሚነዳው? እየሠራ መሆኑስ በምን ይታወቃል?

አንዳንዴ ሌላ ነጂ ይቀመጥበትና በሬዲዮ ይነጋገራሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ለእንፋሎቱ ነጂ ጋቢና አንድ መቆጣጠሪያ ሳጥን የተገጠመላቸው አሉ። ነጂው አንድ እጁ በእንፋሎቱ ቫልቭ፣ ሌላው በዲዜሉ መቆጣጠሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ አቆይቶ ሲፈልግ ብቻ ይጠራዋል።

ቪዲዮ ላይ ለመለየት ጆሮ ይሻላል። እንፋሎቱ እየጎተተ ከሆነ ቹፉ ጠንካራና የተቆራረጠ ነው፣ ዳገት ላይ ይከብዳል። ጭሱ እየወጣ ድምፁ ግን ለስላሳ ከሆነ እየተገፋ ወይም እየተንከባለለ ነው። የዲዜሉ ጉርምርምታ ከፍ ካለ እሱ ሥራ ላይ ነው። የጭሱ ጥቁረት ግን ምንም አይነግራችሁም። ለካሜራ ሲባል እሳቱ ላይ ነዳጅ ጨምሮ ማጥቆር ይቻላል፣ ደግሞም ያደርጉታል! የባቡር ወዳጆች ዲዜሉ ፎቷቸውን ስለሚያበላሽ ይጠሉታል። አዘጋጆቹም አንዳንዴ ለፎቶ ሲባል ፈትተው ያቆሙታል። አንዳንዱን ከባቡሩ ጋር እንዲመሳሰል የድሮ ቀለም ይቀቡታል።

ያለ ዲዜል የሚሄዱ አሉ?

አሉ፣ እነሱም ነገሩን የበለጠ ያስረዱናል። ስኮትላንድ ውስጥ ከፎርት ዊሊያም ወደ ማሌግ የሚሄደው የእንፋሎት ባቡር መጨረሻው ላይ ማዞሪያ ስለሌለው ሎኮሞቲቩ በጀርባው ይመለሳል። መንገዱ 66 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ያዋጣዋል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የምፅዋ–አሥመራው ነው። 118 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። በጦርነት ፈርሶ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከ 2003 ድረስ ብዙውን በጡረታ ወጥተው የነበሩ የባቡር ሠራተኞች መልሰው ሠሩት። በ1938 ጣሊያን ውስጥ አንሳልዶ የሠራቸው ሎኮሞቲቮች ቱሪስት ይዘው ወጥተውበታል። መስመሩ ዲዜልም አለው። ግን እንፋሎቱ ባቡሩ አጭር ሆኖ፣ የራሱ ጋራዥና ሙያውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ስላሉት ያለ ጠባቂ መውጣት ችሏል። የእንፋሎቱ ዓለም ያልፈረሰበት ቦታ ረዳት ያን ያህል አያስፈልግም።

ወሎ ላይስ እንዲህ ያለ ባቡር ይሄዳል?

አንዳንድ ሰው «ድሬዳዋ ካሉት አሮጌ ሎኮሞቲቮች አንዱን አምጥቶ ኮምቦልቻ ላይ ቱሪስት ማዞር ነው» ይላል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ እኔም ብሳፈር አልጠላም። ሐዲዱ ግን አይፈቅድም። የድሮው የጂቡቲ መስመር ስፋት 1 ሜትር ነው፣ የኤርትራው 95 ሴንቲ ሜትር። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማው ከሐዲዱ ጋር አይገናኝም። ለዚህ ስፋት የሚሆን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከቻይና ወይም ከአውሮፓ ማምጣት ይጠይቃል።

አብሽሩ፣ መጣ እንበል። መስመሩ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ሲወጣ ዳገት፣ ሲመለስ ረጅም ቁልቁለት አለው። መንገዱ ላይ ዋሻዎች አሉ፤ የባልቫኖን ነገር አስታውሱ። ለእንፋሎት የሚሆን የውሃ ጋን አልተሠራም፣ ከአዋሽ በላይ ያለው ቆላ ደግሞ ውሃ እንደልብ የሚገኝበት አይደለም። ከላይ የ25,000 ቮልት ሽቦ የሚዘረጋበት መስመር ነው። ሽቦ ሥር የእንፋሎት ሠራተኛ ውሃ ለመሙላት ፉርጎው ጣሪያ ላይ መውጣት አይችልም፣ ጭሱም የሽቦውን መከላከያ ሸክላ ያቆሽሻል።

ስለዚህ ረዳት የግድ ነው። መስመሩ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ረዳቱ ዲዜል ሳይሆን ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ሊሆን ይችላል። ለቁልቁለቱም ይህ የተሻለ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዋሽ ሲወርድ በፍሬን የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው መመለስ የሚችል ዓይነት አለ። መንገድ ላይ መብራት ከሄደ ግን ያው ዲዜል መጥራት ነው።